አሹር ወንድም ሰጠኝ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ19ኛው ምዕራፍ ፍጻሜ የተጻፈውን የሰናክሬምን አሟሟት ያነበበ ሰው ሁሉ፣ ያ ኢየሩሳሌምን ያስጨነቀ ንጉሥ በአምላኩ ቤት ሲሰግድ በገዛ ልጆቹ ሰይፍ መውደቁን፣ ገዳዮቹም ወደ አራራት ምድር መኰብለላቸውን፣ በመጨረሻም አስራዶን የሚባል ሌላ ልጁ በአልጋው መቀመጡን ያስታውሳል፤ ነገር ግን አስራዶን የሚለው ስም ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከማን አፍ እንደ ወጣና ስለ ምን ለዚያ ሕፃን እንደ ተሰጠ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የአሦር ነገሥታት ስም ወደ ጆሯችን ሲደርስ የሠረገላ ድምፅ፣ የከተማ ቃጠሎና የምርኮኛ ሰልፍ አስከትሎ ስለሚመጣ፣ ስሙ ራሱ ለማስፈራሪያ የተፈጠረ ይመስለናል። በሽብልቅ ጽሕፈት ከተቀረጸው ሸክላ ላይ ፈትተን ስናነበው ግን የምናገኘው በአንድ ቤት ውስጥ ታናሽ ልጅ በተወለደበት ሰሞን የተነገረ የምስጋና ቃል ነው። የእነዚህን ነገሥታት ታሪክ ከስማቸው የጀመረ ሰው ከአደባባዩ አስቀድሞ ወደ አራስ ቤቱ ይገባል፤ እዚያም ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተና ማን ማንን እንደ ተካ ይሰማል፤ የአስራዶንን ዘመነ መንግሥት ከዚህ አራስ ቤት ተነሥቶ የተመለከተ ሰውም፣ በኋላ በአደባባይ የሆነውን ሁሉ ከሌላ ወገን ሊያየው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የስሙ ሙሉ ንባብ በጥንቱ የአሦራውያን ልሳን «አሹር አኀ ኢዲና» ሲሆን በሦስት ክፍል የተገጣጠመ ነው። የመጀመሪያው ክፍል አሹር የአምላካቸው ስም ነው፤ ያው ስም በጤግሮስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር፣ ዛሬ ቀልዓት ሸርቃጥ በሚባለው ቦታ የተሠራችው የጥንት ከተማቸው መጠሪያ ነበረ፤ አገሩም ከከተማይቱ ወስዶ አሦር ተባለ። ሁለተኛው ክፍል «አኁ» ወንድም ማለት ነው፤ ይህም የግእዙ «እኁ» የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፣ በቅዳሴ «አኀውየ» ሲባል እየሰማ ያደገ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከሁለት ሺሕ ሰባት መቶ ዓመት በፊት በነነዌ የተነገረውን ቃል ያለ አስተርጓሚ ለይቶ ያውቀዋል። ሦስተኛው ክፍል «ኢዲና» ሰጠ ማለት ነው፤ ግእዝ በዚህ ስፍራ «ወሀበ» የሚለውን ግስ ስለሚይዝ ዝምድናው ለእኛ አይታየንም፤ ዳዊትን የገሠጸውን የነቢዩን የናታንን ስም ያወጣው ዕብራይስጥ ግን ሥሩን ጠብቆታል። እንግዲህ የስሙ ትርጓሜ «አሹር ወንድም ሰጠኝ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

የአሦር ጸሓፊ ይህን ስም በሸክላ ላይ ሲያኖር ድምፁን እየቈጠረ አይጽፈውም ነበር። አስቀድሞ አንዲት ቀጥ ያለች ሽብልቅ ያቆማል፤ እርሷም የማትነበብ ምልክት ሆና፣ ቀጥሎ የሚመጣው የወንድ ስም መሆኑን ለአንባቢው ታስታውቃለች። ቀጥሎ የአምላኩን ስም ያኖራል። ወንድም ለሚለው ቃል ግን ከሱመራውያን የወረሰውን አንድ ምልክት፣ ሰጠ ለሚለውም ሌላ ምልክት ያስቀምጥና፣ የሱመርን ምልክት እያየ በአሦር ቋንቋ ያነበዋል፤ እኛ 7 የምትለውን ቁጥር ጽፈን ሰባት ብለን እንደምናነባት ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ጽሕፈት ለመፍታት የደከሙት ሊቃውንት፣ በተለይም አየርላንዳዊው ቄስ ኤድዋርድ ሂንክስና እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮውሊንሰን፣ በነገሥታት ስም ላይ ብዙ የተቸገሩት ስለዚህ ነበር፤ ምልክቱ ሐሳቡን እንጂ ድምፁን አይናገርምና። በዚህ ጊዜ ታላቅ ረዳት የሆናቸው በመጽሐፍ ቅዱስና በግሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የቈየው የስሞቹ ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ዓ.ም. ሂንክስ፣ ሮውሊንሰን፣ ኦፐርትና ታልቦት አንድን አዲስ የተገኘ ጽሑፍ አንዱ ከሌላው ሳይማከር ተርጕመው፣ በታሸገ ፖስታ ለለንደን የእስያ ጥናት ማኅበር ባቀረቡ ጊዜ ትርጕማቸው በዋናው ነገር ስለ ተስማማ፣ የሽብልቅ ጽሕፈት ምሥጢር እንደ ተፈታ ዓለም ተቀበለ።

ስምን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ማውጣት የአስራዶን ቤት ፈጠራ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከአሹር ከተማ ተነሥተው ቆርቆሮና ጨርቅ በአህያ ጭነው እስከ አናጦልያ የተሻገሩት ነጋዴዎች በካኒሽ ከተማ ከሃያ ሺሕ የሚበልጡ የሸክላ ደብዳቤዎችና የውል ጽሑፎች ትተውልናል፤ በእነዚህም ውስጥ በአምላካቸው በአሹር ስም የተሰየሙ ሰዎች መልተዋል። ከብዙ ዘመን በኋላም «አሹር ናዲን አኄ»፣ ማለትም «አሹር ወንድሞችን ሰጪ ነው» የተባሉ ሁለት ነገሥታት በዚያው ከተማ ነግሠዋል። ሀብተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ተስፋ ጽዮን እያለ ልጁን ለሚጠራ ሕዝብ የእነዚህ ስሞች አሠራር እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ እኛ በአብዛኛው ሁለት ስም በዘርፍ ስናያይዝ፣ አሦራውያን ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ፍጹም ዓረፍተ ነገር መሥራታቸው ነው።

ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ይልቅ ልብን የሚነኩት ሊቃውንት የምትክ ስሞች የሚሏቸው ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ዮሐን ያኮብ ሽታም እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አሦራውያንና ባቢሎናውያን የተናገሩበትን የአካድኛን ቋንቋ ስሞች በየወገናቸው ሲለይ፣ ከሞተ ልጅ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡትን ለብቻ መድቧቸዋል። የዚህ ወገን አለቃ ኢየሩሳሌምን የከበበው የሰናክሬም ስም ነው። ሙሉ ንባቡ «ሲን አኄ ኤሪባ» ሲሆን፣ ሲን የተባለው የጨረቃ አምላክ የወንድሞችን ምትክ ሰጠ፣ በእኛ አነጋገር ካሰ ማለት ነው። ከእርሱ በፊት የተወለዱት የአባቱ የንጉሥ ሳርጎን ልጆች ስለ ሞቱ፣ ይህ ሕፃን ለእነርሱ ካሣ ሆኖ መጣ። ካሣ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ የሚሉትን ስሞች ያወጣች እናት ይህን ስም ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልጋትም። አርባ ስድስት የይሁዳ ከተሞችን መያዙን በሸክላ ላይ ያስጻፈው፣ ባቢሎንንም በ689 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በውሃ ያጥለቀለቀው ንጉሥ በየዕለቱ ሲጠራ፣ ጠሪው ሁሉ ሳያውቀው የሞቱ ሕፃናት ወንድሞቹን ያነሣ ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ስም እንመለስና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ «ሰጠኝ» የሚለው ማን ነው? አባት ወይም እናት ቢናገሩ «ልጅ ሰጠኝ» ይላሉ እንጂ «ወንድም ሰጠኝ» አይሉም። ስለዚህ የስሙ ተናጋሪ አስቀድሞ በቤቱ ያለው ታላቅ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ቃሉን በእርሱ አፍ አድርገው ምስጋናውን በእርሱ ስም ያቀርባሉ። ሕፃኑ የሚጠራው እንደ አባቱ ወራሽ ሳይሆን እንደ ታላቁ ጓደኛ፣ እንደ ታላቁ አጋዥ ነው። ይህም ማለት አስራዶን የሚለው ስም በራሱ የልደት መዝገብ ነው፤ ባለቤቱ በኵር እንዳልሆነ፣ ከፊቱ የቆመ ሌላ እንዳለ፣ የሚጠራው ሁሉ ያውቃል። የአስራዶን የሕይወቱ መከራ ሁሉ የተቋጠረው በዚህች ነጥብ ላይ ይመስለኛል።

ሰናክሬም ብዙ ልጆች ነበሩት። ከእነርሱ «አሹር ናዲን ሹሚ» የተባለውን በ700 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በባቢሎን ላይ አነገሠው፤ ነገር ግን በስድስተኛው ዓመት ኤላማውያን ማርከው ወሰዱት፤ ከዚያም አልተመለሰም። ቀጥሎ ተስፋ የተጣለበት «አርዳ ሙሊሲ» ነበር፤ ስሙም የአሹር ሚስት ተብላ ትመለክ የነበረችው የሙሊሱ አገልጋይ ማለት ስለ ሆነ፣ በግእዝ ወግ «ገብረ» ተብሎ ከሚጀምረው የስም ወገን ይመደባል። ሆኖም ሰናክሬም በ683 ገደማ ይህን ልጁን ትቶ፣ ናቂኣ የምትባል ሚስቱ የወለደችለትን አስራዶንን አልጋ ወራሽ አደረገ። የናቂኣ ስም በአራማይስጥ ንጽሕት ማለት ነው፤ በአሦርም ቋንቋ ያንኑ ትርጕም ተከትለው ዛኩቱ ይሏት ነበር። የእርሷ ብልኀትና ኃይል በዚህ ምርጫ ውስጥ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ከልጇ ሞት በኋላ የአሦርን መኳንንት ለልጅ ልጇ ታምነው እንዲኖሩ በራሷ ስም ካስማለችበት ጽሑፍ መገመት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ አባትየው ያደረገው ነገር ስለ ስም ለሚያጠና ሰው እጅግ ውድ የሆነ ምስክር ትቶልናል። ከነነዌ በተገኘች አንዲት አነስተኛ የሸክላ ጽላት ላይ ሰናክሬም የወርቅ አምባርና ሌላ ጌጥ ለልጁ ለአስራዶን መስጠቱን ያስመዘግብና፣ ይህ ልጅ ከእንግዲህ ወዲህ በሌላ ስም እንዲጠራ ያዛል። አዲሱ ስም «አሹር ኤተል ኢላኒ ሙኪን አፕሊ» ነው፤ ይኸውም «የአማልክት አለቃ አሹር ወራሹን የሚያጸና ነው» ማለት ነው። የሁለቱን ስሞች ልዩነት እናስተውል። በመጀመሪያው ስም ሕፃኑ ወንድም ነው፤ በሁለተኛው ወራሽ ነው። በመጀመሪያው የታላቁ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ በሁለተኛው ታላቁ ልጅ ጨርሶ የለም። አባትየው በኵርናን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር የቤተ መንግሥት ዐዋጅ ብቻ እንደማይበቃና ስሙም መለወጥ እንዳለበት ዐውቆ ነበር፤ ያ አሮጌ ስም በተጠራ ቍጥር ታናሽነቱን እየመሰከረ ያስቸግረዋልና። ነገር ግን አዲሱ ስም አልጸናም። በጥቂት ጽሑፎች ላይ ከመገኘቱ በቀር ሕዝቡም፣ ጠላቶቹም፣ ንጉሡም ራሱ አስራዶን በሚለው ስም ቀጠሉ፤ ንጉሡም በኋላ ባስጻፈው ዜና መዋዕል ከወንድሞቹ ይልቅ ታናሽ መሆኑን አልሸሸገም፤ እንዲያውም ታናሽነቱን ለአማልክት ምርጫ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

ወንድሞቹ ግን ይህን ምርጫ አልተቀበሉም። በነገሥታቱ መዛግብት ውስጥ ከተገኙት ደብዳቤዎች አንዱ የሴራውን አካሄድ በሚያስደነግጥ ቅርበት ያሳየናል፤ ደብዳቤውን አጥንተው የአርዳ ሙሊሲን ስም በትክክል አንብበው ገዳዩን የለዩት ፊንላንዳዊው ሊቅ ሲሞ ፓርፖላ ናቸው፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ታትሟል። እንደ ደብዳቤው ቃል፣ ስለ ሴራው የሰማ አንድ ሰው ለንጉሡ የሚነገር አቤቱታ አለኝ ብሎ ይጮኻል። ሁለት ባለሥልጣኖች ፊቱን በመጐናጸፊያው ሸፍነው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ ንጉሡ ፊት የቆመ መስሎት ልጅህ አርዳ ሙሊሲ ሊገድልህ ነው ብሎ ይናገራል፤ መጐናጸፊያው ሲገለጥ ግን ከፊቱ ተቀምጦ ያገኘው አርዳ ሙሊሲን ራሱን ነው። ያን ምስኪን ከወንድሞቹ ጋር ገደሉት፤ ምሥጢሩም ወደ ንጉሡ ሳይደርስ ቀረ። በ681 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጤቤት በሚባለው ወር በ20ኛው ቀን ሰናክሬም ተገደለ። መጽሐፍ ቅዱስ ከገዳዮቹ አንዱ አድርጎ የሚጠቅሰው አደራሜሌክ ይህ አርዳ ሙሊሲ ነው። ከእርሱ ጋር የተጠቀሰው የሳራሳር ስም ደግሞ ንጉሡን ጠብቅ ከሚል የጸሎት ስም ተቈርጦ የቀረ መሆኑን ሳስብ፣ ያን ጸሎት በሕፃኑ ላይ ያኖሩት ወላጆች ነገ የሚሆነውን ባለማወቃቸው አዝናለሁ።

አስራዶን በዚያ ጊዜ የወንድሞቹን ክፋት ሸሽቶ ወደ ምዕራብ ተሰዶ ነበር። ወሬው በደረሰው ጊዜ በክረምት ብርድ ሳያመነታ ወደ ነነዌ ገሠገሠ፤ የወንድሞቹም ጭፍሮች ወደ እርሱ ከዱ፤ ከግድያው ሁለት ወር ገደማ በኋላም በአባቱ ዙፋን ተቀመጠ። የምስጋናው ቃል በአፋቸው የተደረገላቸው ታላላቅ ወንድሞች ወደ ባዕድ አገር ሸሹ፤ «የተሰጠው» ወንድም ነገሠ።

ከነገሠም በኋላ የመጀመሪያ ታላቅ ሥራው አባቱ ያፈረሳትን ባቢሎንን ማደስ ነበር። በዚህ አንድ ችግር ገጠመው፤ የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ከተማይቱ ለ70 ዓመት ባድማ እንድትሆን በዕጣ ፈንታ ጽላት ላይ ጽፏል ይባል ነበርና። የንጉሡ ካህናትና ጸሓፊዎች መፍትሔውን ከጽሕፈቱ ውስጥ አገኙት። በባቢሎናውያን አቈጣጠር ቀጥ ያለች ሽብልቅ በፊት ስትቆም 60፣ ማዕዘን መሳዩ ምልክት ደግሞ 10 ስለሚሆን፣ ሁለቱ ተከታትለው ሲጻፉ 70 ይሆናሉ፤ ተገልብጠው ማዕዘኑ ከፊት፣ ቀጥ ያለችው ከኋላ ስትሆን ግን 10 እና 1 ተደምረው 11 ይሆናሉ። እንግዲህ ርኅሩኁ ማርዱክ ጽላቱን ገልብጦ ባድማነቱ በ11ኛው ዓመት እንዲያበቃ አዘዘ ብለው ጻፉ። አንድ ሕዝብ ለጽሑፍ ምልክት ምን ያህል ክብር ይሰጥ እንደ ነበር የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም፤ ስምም በእነርሱ ዘንድ እንዲሁ በሸክላ ላይ የቆመ፣ ተራ መጠሪያ ያልሆነ ነገር ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራው እኛን ኢትዮጵያውያንን ይበልጥ የሚነካው የግብፅ ዘመቻ ነው። በዚያ ዘመን ግብፅን ይገዛ የነበረው መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ የሚለው ታሃርቃ ነበር፤ ኢትዮጵያ የተባለውም በዛሬዋ ሱዳን ምድር ናፓታን መዲናው ያደረገው የኩሽ መንግሥት ነው። አስራዶን በ674 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን ሊወጋ ሞክሮ ተሸንፎ ተመለሰ፤ በ671 ግን ሜምፊስን ያዘ፤ ታሃርቃም ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አልጋ ወራሹና ቤተ ሰቡ ተማረኩ። የዚህን ድል ሐውልት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. በዛሬዋ ቱርክ፣ ዚንጂርሊ በሚባል ስፍራ አግኝተውት ዛሬ በበርሊን ይገኛል። ከ3 ሜትር የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። ንጉሡ በፊቱ ገጽ ላይ እንደ ግንብ ገዝፎ ቆሟል፤ በግራ እጁ የያዘው ገመድ ወደ ታች ወርዶ ጕልበቱን እንኳ በማያልፉ የሁለት ምርኮኞች ከንፈር ላይ ባለ ቀለበት ይታሰራል። አንደኛው ተንበርክኮ እጁን ያነሣ ሲሆን፣ በግንባሩ ላይ የፈርዖኖቹ ምልክት የሆነው እባብ ስለሚታይ የታሃርቃ ልጅ ነው ይሉታል። አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ሐውልት አይቶ ልቡ ሳያዝን የሚያልፍ አይመስለኝም። ነገር ግን የሐውልቱን ትርጓሜ የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ገጽ ብቻ ሳይመለስ ወደ ሁለቱ ጠባብ ጎኖች ይዙር፤ በአንደኛው ጎን አሹርባኒፓል በአሦር ልብስ፣ በሌላው ሻማሽ ሹም ኡኪን በባቢሎን ልብስ ተቀርጸዋል። ሁለቱም የአስራዶን ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸውም የድንጋዩ ስፋትና የአባታቸው ቁመት አለ።

የወንድም ነገር በእርሱ ላይ ምን ያህል እንደ ከበደ በዚህ አሠራር ይታወቃል። በ672 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ታናሹን አሹርባኒፓልን ለአሦር፣ ሻማሽ ሹም ኡኪንን ለባቢሎን ወራሽ አድርጎ የግዛቱን ሰዎች ሁሉ በመሐላ አሰረ። የመሐላው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. በኒምሩድ ከናቡ ቤተ መቅደስ አጠገብ ከሦስት መቶ በሚበልጥ ስብርባሪ ተገኘ፤ ሌላ ቅጂውም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በቱርክ በቴል ታይናት ወጣ። የሚምለው ሰው በአልጋ ወራሹ ላይ ክፉ ቃል ቢሰማ ሳይሸሽግ እንዲናገር ታዟል፤ ክፉው ቃል ሊወጣ የሚችልባቸው አፎች ሲዘረዘሩም ወንድሞቹ፣ አጎቶቹና የአጎቶቹ ልጆች ተጠቅሰዋል። የወንድምን መወለድ በምስጋና የሚያነሣ ስም የተሸከመ ሰው የወንድምን አፍ በመሐላ ሊያስር ደከመ፤ መሐላውም አልያዘም። አስራዶን በ669 እንደ ገና ወደ ግብፅ ሲዘምት በመንገድ ታሞ ሞተ፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ሻማሽ ሹም ኡኪን በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ባቢሎንም ተከባ በረኀብ አልቃ በ648 እርሱ በጥፋቷ ውስጥ ጠፋ።

ንጉሡ ከሞተ በኋላ ስሙ በልዩ ልዩ ልሳናት ውስጥ ረጅም ጕዞ ተጓዘ። በግብፅ በአስዋን አጠገብ ባለችው በኤለፋንቲን ደሴት በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተጻፈው የአራማይስጥ ፓፒረስ፣ የአስራዶን አማካሪ የነበረውን የጥበበኛውን የአሒቃርን ታሪክ ሲተርክ ስሙን በአልፍ፣ በሳምኬት፣ በሬስ፣ በሔት፣ በአልፍ፣ በዳሌጥና በኖን ጽፎታል። የሳምኬት ፊደል መግባቱ ከፍ ያለ ነገር ያስተምረናል፤ ሊቃውንት ሸ ብለው የሚጽፉትን ድምፅ የኋለኞቹ አሦራውያን በአፋቸው ሰ ያደርጉት ስለ ነበር፣ በሰ የተጻፈው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አስራዶን በዚህ ረገድ ከሊቃውንቱ አጻጻፍ ይልቅ በነነዌ አደባባይ ይሰማ ለነበረው ድምፅ ይቀርባል። በጦቢት መጽሐፍ ግሪኩ ሳኬርዶኖስ አለው፤ የሶርያ ቋንቋ ተራኪዎች ደግሞ ሰርሐዶም አሉትና አባትና ልጅን አገላብጠው ሰናክሬምን የሰርሐዶም ልጅ አደረጉት። የአሒቃርም ምክሮች ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተሻግረው አንጋረ ፈላስፋ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገቡ፣ የአስራዶን ቤተ መንግሥት ጥበብ በአገራችን ገዳማትም ሲነበብ ኖሯል።

አምላኩ አሹር ከመንግሥቱ መውደቅ በኋላም ወዲያው አልተረሳም። በጳርቴ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ፣ በአሹር ከተማ ፍርስራሽ ላይ በኖሩ ሰዎች ዘንድ ስሙን ያዘሉ የሰው ስሞች በአራማይስጥ ተቀርጸው ተገኝተዋል። ክርስትና ከተስፋፋ በኋላ ግን የአገሩ ልጆች ጊዎርጊስ፣ ዮናን፣ ዳንኤል እየተባሉ በቅዱሳንና በነቢያት ስም ይጠሩ ጀመር፤ ዮናን ማለት ነነዌን ለንስሐ የጠራው ዮናስ ነው፤ የነነዌን ሰዎች የሦስት ቀን ጾምም እኛ እንደምንጾመው እነርሱም እስከ ዛሬ ይጾሙታል። ከጥንቶቹ ነገሥታት መካከል በተለይ የሰናክሬም ስም በገድላት ውስጥ ሲተርፍ፣ ሰማዕቱ ማር ቤህናም የንጉሥ ሰንሐሪብ ልጅ ተብሎ ይከበራል።

የነገሥታቱ ስሞች እንደ ገና በሕፃናት ላይ መውጣት የጀመሩት ከ19ኛው መቶ ዓመት ቍፋሮ ወዲህ ነው። እንግሊዛዊው የጥንት ፍርስራሽ ቈፋሪ ሌያርድ በኒምሩድ የአስራዶንን ቤተ መንግሥት ሲቈፍር ረዳቱ የሆነው፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1853 ዓ.ም. የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት ያገኘው የሞሱል ተወላጅ ሆርሙዝድ ራሳም ነበር። የእኛ ታሪክ ይህን ሰው በሌላ ወገን ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1864 ዓ.ም. የእንግሊዝን እስረኞች እንዲያስለቅቅ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተልኮ መጥቶ፣ እርሱም በመቅደላ ታስሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1868 ዓ.ም. የቈየው መልእክተኛ ነው። ያሰረውም ንጉሥ የልጅነት ስሙ ካሣ ነበር። የራሳም የራሱ ስም ደግሞ በአልቆሽ አጠገብ ገዳም ካለው ከራባን ሆርሚዝድ የተወረሰ ሲሆን፣ ጥንተ ነገሩ አሁራ ማዝዳ የሚባለው የፋርስ አምላክ ስም ነው፤ ክርስቲያን ወላጆቹ ግን ያዩት ጻድቁን እንጂ ጣዖቱን አልነበረም። እንዲሁ ዛሬ በኢራቅና በሶርያ፣ በቺካጎ፣ በሶደርቴልዬና በሲድኒ የሚኖሩ አሦራውያን ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን አሹር፣ ሳርጎን፣ ኒኖስ ብለው ሲጠሩ፣ ለጥንቱ አምላክ መሠዋታቸው ሳይሆን በስደትና በእልቂት መካከል የአባቶቻቸውን ዘር መቍጠራቸው ነው።

በእነዚህ ስሞች መካከል አስራዶን ብርቅ ሆኖ ቀርቷል። አንደኛው ምክንያት ርዝመቱ ነው፤ ሌላውም ትውልዶቹ ያሸጋገሩት ንባብ እየተለዋወጠ ስለ መጣ ጆሮ በቶሎ ፍቺውን አለመያዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን በስሙ ውስጥ ያለው ሁኔታ ይመስለኛል። ሳርጎን ማለት እውነተኛ ንጉሥ ስለ ሆነ ለማንም ወንድ ልጅ ይስማማል፤ አሹር የሕዝቡ መጠሪያ ስለ ሆነ በኵርም ቢባልበት፣ ብቸኛም ቢባልበት ነውር የለውም። አስራዶን ግን የሚናገርለት ታላቅ ወንድም ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያጣል። ስሙን ለማደስ የሚሻ አባት ለመጀመሪያ ልጁ አይቸኵል፤ ሁለተኛው እስኪወለድ ይቈየውና፣ ቃሉን የነነዌ ወላጆች እንዳደረጉት በታላቁ ልጅ አፍ ያኑረው።